እጃችን ከአእምሯችን የሚቀድመው ለምንድነው? የዳርዊን ሕይወትና ስለ ሐበሾች የደረሰው መልስ



ዛሬ ስለ ድንጋጤ እናወጋለን። መጋላ ውስጥ ቀፊራ ገበያ ቆማችሁ አንድ ባጃጅ ድንገት ከኋላ ክላክስ ሲያደርግ ሰዉን አይታችሁት ታውቃላችሁ? አትክልት የምትሸጠው እናት ትከሻዋ ብድግ፣ ዓይኗ ፍጥጥ ይላል፤ እጇ ሳታዘው ደረቷ ላይ ያርፋል። ዕቃ ተሸክሞ የሚያልፈው ወጣት አንገቱን ይቀብራል። አንደበት የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። አንዷ በስመአብ ብላ ታማትባለች፣ ሌላው ቢስሚላሂ ይላል። አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሐረሪ ቋንቋ፣ አንዱ በአማርኛ ባለባጃጁን ይቆጣል። ቋንቋው አራት ነው፣ የፈጠጠው ዓይን ግን አንድ ነው።

ታዲያ ይሄን ማን አስተማረን? እናት ልጇን ስትደነግጥ ዓይንህን አፍጥ፣ ትከሻህን ከፍ አድርግ ብላ አትመክርም። ይህን ጥያቄ አንስቶ ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ መጠይቅ የላከ ሰው ነበር። ከደረሱት መልሶች አንዱ ስለ እኛው አገር ሰዎች የተጻፈ ነው። ሰውየው ቻርለስ ዳርዊን ይባላል።

ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ወደ ሰው አመጣጥ ክርክር እንገባለን። ያ ክርክር የራሱ ቦታ አለው። እኛ ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ብዙ ሰው የማያውቀውን ዳርዊን ነው፤ ደም አይቶ የሸሸውን፣ ገና የ114 ቀን ዕድሜ ባለው ልጁ ፊት ካርቶን ያንኳኳውን፣ እባብ አይቶ ወደ ኋላ የዘለለውን። (የኢትዮጵያ ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ደም የፈራው የሐኪም ልጅ

ዳርዊን የተወለደው የካቲት 12 ቀን 1809 በእንግሊዝ ሽሩስበሪ ከተማ ነው። አባቱ የታወቁ ሐኪም ነበሩ። እናቱ የሞቱት እሱ ገና 8 ዓመቱ ሳለ ነው።

በ16 ዓመቱ አባቱ ሕክምና ይማር ብለው ስኮትላንድ ኤዲንብራ ላኩት። ያን ጊዜ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ታማሚው እየጮኸ ነው የሚቀደደው። ዳርዊን ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች ለማየት ገባ፤ አንደኛው በሕፃን ልጅ ላይ የሚደረግ ነበር። ሳያልቅ ጥሎ ወጣ፣ ዳግመኛም አልተመለሰም። የዚያ ጩኸት ትዝታ ለብዙ ዓመታት ተከትሎታል። አባትየው ልጁ ሐኪም እንደማይሆን ሲያውቁ ቄስ ይሁን ብለው ወደ ካምብሪጅ ላኩት። እሱ ግን ጥንዚዛ ሲለቅም ከረመ።

በ1831 መጨረሻ ቢግል በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ዓለምን ለመዞር ወጣ። አምስት ዓመት ገደማ ቆየ። በጉዞው ብዙ አስፈሪ ነገር አየ። በየካቲት 1835 ቺሊ ውስጥ ጫካ ጋደም ብሎ ሳለ ምድር ተናወጠች። ቫልዲቪያ የምትባለዋ ከተማ ነዋሪ በድንጋጤ ከየቤቱ ፈሰሰ፤ ኮንሴፕሲዮን የምትባለው ደግሞ ወደ ፍርስራሽነት ተለውጣ ለማየት በቃ።

ከሁሉ በላይ ግን በውስጡ የቀረው ምድር መንቀጥቀጡ አይመስለንም።

🔹 እጁን ያላነሳው ሰው

ነገሩ የሆነው ብራዚል ውስጥ በ1832 ነው። ያን ጊዜ ብራዚል የባርነት አገር ነበረች። ዳርዊን አንድ ጥቁር ባሪያ ጋር ሆኖ በታንኳ ወንዝ እየተሻገረ ነበር። ቋንቋ አልተግባቡም። ዳርዊን ድምፁን ከፍ አድርጎ በእጁ ምልክት ሲያሳይ እጁ በሰውየው ፊት አጠገብ አለፈ።

ሰውየው ሊመታኝ ነው ብሎ አሰበ። ግን እጁን አላነሳም። ፊቱን አልከለለም። በፍርሃት ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ ሁለት እጆቹን ወደ ታች ጣለና ጥፊውን ጠበቀ።

አስቡት። ሊመታ የመጣ እጅ ሲያይ ፊቱን በክንዱ የማይከልል ሰው የለም።  ይህ ግዙፍ፣ ጠንካራ ሰው ግን ዱላው ብዛቱ ሰውነቱ ከተፈጥሮ የተሰጠውን መከላከያ እስኪተው ድረስ አድርሶታል። ከለከለ ተብሎ የባሰ እንደሚመታ ያውቃልና። ዳርዊን በዚያች ቅጽበት የተሰማውን እፍረት መቼም እንደማይረሳው በጉዞ ማስታወሻው ጽፏል። ከቤተሰቡ ጀምሮ ባርነትን የሚጠላ ሰው ነበር፤ ያቺ ታንኳ ደግሞ ጥላቻውን አጸናችው።

እኛ ስናነበው ያየነው ሌላም ነገር አለ። ሲደነግጡ እጅን ማንሳት ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ሰው ያንን ሲነጠቅ ግን ምን ያህል እንደተነጠቀ ይገባናል።

🔹 ሕፃኑ፣ ካርቶኑና ከረሜላው

ዳርዊን ወደ አገሩ ተመልሶ በ1839 የአጎቱን ልጅ ኤማን አገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ ልጃቸው ዊልያም ተወለደ። አባትየው እንደ ማንኛውም አባት ልጁን ይስማል፣ ያቅፋል፤ ከዚያ ደግሞ ደብተር ያወጣል! መቼ አለቀሰ፣ መቼ ሳቀ፣ በምን ደነገጠ፣ ሁሉንም ይመዘግባል።

ከመዘገባቸው አንዷ እነሆ። ከልጆቹ አንዱ 114 ቀን ሲሞላው ባዶ ካርቶን ዓይኑ አጠገብ አምጥቶ ነቀነቀ። ሕፃኑ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ጥቂት ከረሜላ ጨመረና እዚያው ቦታ ላይ ይዞ አንኳኳው። አሁን ሕፃኑ በየጊዜው ዓይኑን በኃይል ይጨፍናል፣ ብርግግም ይላል።

ምን ማለት ነው? ወደ ዓይን የሚመጣ ነገር አደገኛ መሆኑን ሕፃኑ ገና አልተማረም። ድንገተኛ ድምፅን ግን ማንም ሳያስተምረው ይደነግጥለታል። አንዳንዱ ድንጋጤ ከእኛ ጋር ይወለዳል፣ አንዳንዱን ደግሞ ሕይወት ያስተምረናል ማለት ነው።

ዳርዊንና ኤማ ከወለዷቸው 10 ልጆች ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ። የሚሳሳላት ልጁ አኒ በ1851 በ10 ዓመቷ ስታርፍ ልቡ ተሰበረ። የሰው ፊት በሐዘንና በፍርሃት እንዴት እንደሚለወጥ የጻፈው ሰው ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ አልነበረም። ራሱም አብዛኛውን ዕድሜውን በልብ ምት መዛባት፣ በትውከትና በመንቀጥቀጥ ሲሠቃይ የኖረ ሕመምተኛ ነው።

🔹 ከመስታወት ጀርባ ያለው እባብ

አሁን ደግሞ ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ እንሂድ። እዚያ አንድ የአፍሪካ እባብ አለ፤ በእኛም አገር የሚገኝ፣ ወፍራም፣ ሲቆጣ እፍ የሚል እፉኝት ነው። በእባቡና በተመልካቹ መካከል ወፍራም መስታወት ቆሟል።

ዳርዊን ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈና እባቡ ቢነድፍም አልነቃነቅም ብሎ ከልቡ ወሰነ። እባቡ ተወረወረ። ዳርዊን ምን አደረገ መሰላችሁ? በሚያስደንቅ ፍጥነት አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ተስፈነጠረ! 

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል ተረታችን። የዳርዊን ነገር ግን ከዚህም ይብሳል። እሱ በሕይወቱ እባብ ነድፎት አያውቅም። መስታወቱ እንደማይሰበር ያውቃል። ዕውቀቱም፣ ቁርጥ ውሳኔውም ግን እግሩን ሊያስቆሙት አልቻሉም። በዘመኑ ከነበሩ ትልልቅ አእምሮዎች አንዱ ተሸናፊ ሆኖ ተገኘ፤ አሸናፊው የገዛ ሰውነቱ ነው።

🔹 16 ጥያቄዎች ለዓለም

ዳርዊን በእንግሊዞች ብቻ የታየ ነገር የሰው ልጅ ሁሉ ነው ለማለት አልደፈረም። ስለዚህ በ1867 16 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አሳትሞ በየአህጉሩ ላሉ ሚሲዮናውያንና መንገደኞች በተነ። ሰው ሲገረም ዓይኑንና አፉን ይከፍታል ወይ? ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል ወይ? እጅግ ሲፈራ የሚያሳየው ሁኔታ አውሮፓውያን እንደሚያሳዩት ነው ወይ? በትዝታ ሳይሆን በዓይን አይታችሁ ብቻ መልሱልኝ የሚል አደራም ነበረበት።

ከ36 ሰዎች መልስ መጣለት። ከመላሾቹ አንዱ ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። የታሪክ ወዳጆች ይህን ስም ታውቁታላችሁ፤ አባቶቻችን ባሻ ፈለቃ ያሉት፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋው፣ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገረው እንግሊዛዊ ነው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በአፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሏል። በኋላ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር አስተርጓሚ ሆኖ ወደ መቅደላ ተመለሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም (በኢትዮጵያ) መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የ7 ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን ወደ እንግሊዝ የወሰደው ይኸው ስፒዲ ነው። ልጁ አባቱን ባጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ከስፒዲ መለየት አልፈለገም ነበር። በዚያው ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት ፍሬሽወተር መንደር ስፒዲንና ትንሹን ልዑል አነሳች። የሚገርመው ዳርዊንም በዚያው ክረምት፣ በዚያው መንደር፣ በዚያችው ሴት ካሜራ ፊት ተቀምጧል። የልዑሉን ፎቶ ያያችሁ ሰዎች ያንን ፊት አትረሱትም። የሰው ፊት ፍርሃትን እንዴት ይሸከማል ለሚለው ጥያቄ 16 ነጥብ ያለው መጠይቅ አያስፈልገውም።

ስፒዲ ታዲያ ስለ እኛ ምን ብሎ ነገረው? ሐበሾች ሲገረሙ ቀኝ እጃቸውን፣ መዳፉን ወደ ውጭ አዙረው፣ ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ አለ። እሺ ለማለት ደግሞ ራሳቸውን ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርገው ቅንድባቸውን ለአፍታ ብድግ ያደርጋሉ። እምቢ ሲሉ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻ ወርወር አድርገው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ከቅንድቡ በላይ ምን ምስክር አለ? ዛሬም በየታክሲው፣ በየሱቁ፣ ቃል ሳናወጣ በቅንድብ ብቻ አዎ እንላለን!

ስፒዲን ስናነሳ አንድ የሰፈር ወሬ እንጨምር። በ1897 ወደ አፄ ምኒልክ ከተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋር ሆኖ ከዘይላ ተነስቶ በጌልዴሳ አድርጎ ሐረር ገብቷል። ጌልዴሳ ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለችም። ድሬ ራሷ ግን ያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም፤ ባቡሩ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው።

🔹 ዳርዊን የደረሰበት

መጽሐፉ የወጣው በ1872 ነው። ርዕሱ በሰውና በእንስሳት ስለሚታይ የስሜት አገላለጽ የሚል ነው። በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ ወዲያው ተሸጠ። ፎቶግራፍ ይዘው ከታተሙ የመጀመሪያዎቹ የሳይንስ መጻሕፍትም አንዱ ነው።

በአጭሩ የደረሰበት ሦስት ነገር ነው።

1️⃣ ብዙው እንቅስቃሴ በአንድ ወቅት ጥቅም ነበረው። ዓይን የሚፈጠው አደጋው ከየት እንደመጣ ቶሎ ለማየት ነው። አፍ የሚከፈተው በጸጥታ ለመተንፈስና ለመስማት፣ ለሩጫም አየር ለመሳብ ነው። ጥቅሙ ባያስፈልግም እንቅስቃሴው ይመጣል፤ የባጃጅ ክላክስ ዓይን በማፍጠጥ አይመከትም።

2️⃣ አንዳንዱ እንቅስቃሴ የተቃራኒው ነጸብራቅ ነው። ምንም ያልመሰለው ሰው እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። የተገረመ ሰው ደግሞ የዚህን ግልባጭ ያደርጋል፤ እጁን ያነሳል፣ መዳፉን ይከፍታል፣ ጣቶቹን ይበትናል።

3️⃣ አንዳንዱ በቀጥታ ከነርቭ ሞልቶ የሚፈስ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ የፀጉር መቆም። እነዚህ ዝም ብለው ይመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ድምዳሜ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ጥቁርና ነጭ አንድ ዘር አይደሉም ብለው የሚሰብኩ ምሁራን ነበሩ። ዳርዊን መልሶቹን ደምሮ ሲያያቸው፣ የአውስትራሊያውም፣ የሕንዱም፣ የአፍሪካውም፣ የእንግሊዙም ፍርሃት አንድ ፊት አለው። ይህ ሁሉም ከአንድ ግንድ ለመምጣታቸው ተጨማሪ ማስረጃ ነው ብሎ ጻፈ። ዳርዊን የዘመኑ ሰው ስለነበር ስለ ሌሎች ሕዝቦች የተጠቀመባቸው አንዳንድ ቃላት ዛሬ ያሳፍራሉ፤ ይህን አንደብቅም። ድምዳሜው ግን ከራሱ ቃላት በላይ ሆኖ ቆሟል።

🔹 የተሳሳተበትና በኋላ የታወቀው

አያቶች የለመዱት ልማድ በዘር ወደ ልጅ ይተላለፋል ብሎ ማመኑ በኋላ በመጣው የዘር ውርስ ሳይንስ አልጸናም። ፊት በሁሉም አገር እኩል ይነበባል የሚለውም ዛሬ ድረስ ያከራክራል። ፖል ኤክማን የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ውስጥ ላሉ የፎሬ ሰዎች ፎቶ አሳይቶ ብዙውን ስሜት ሲለዩ አገኘ፤ የፈራና የተገረመ ፊት ግን ተቀላቀለባቸው። እኛም ድንጋጤ የምንለው ቃል ሁለቱንም ይይዛል አይደል?

ስለ ብርግግታው ግን ዳርዊንን የሚያጠናክር ነገር ተገኘ። በ1939 ላንዲስና ሃንት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሰው ጀርባ ሽጉጥ እየተኮሱ በፈጣን ካሜራ ቀረጹ። መጀመሪያ ዓይን ይጨፈናል፤ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ። ከዚያ አንገት ይቀበራል፣ ትከሻ ይነሳል፣ ክንድ ይታጠፋል፣ ሆድ ይሸበሸባል፣ ጉልበት ይተጠፋል። ሰውነት ራሱን፣ አንገቱንና ሆዱን እየከለለ ነው። ተኩስ የለመዱ ፖሊሶች እንኳ ዓይናቸውን ከመጨፈን አላመለጡም። ትእዛዙ የሚወጣው ከታችኛው የአንጎል ክፍል ነው፤ የሚያስበው ክፍል ወሬው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

🔹 ለእኛስ?

ዳርዊን በሚያዝያ 1882 በ73 ዓመቱ አርፎ ለንደን ዌስትሚኒስተር ውስጥ ተቀበረ። የተወልን ትምህርት ለእኛ ለድሬዎች ሁለት ጥቅም አለው ብለን እናስባለን።

አንደኛ፣ የደነገጠ ሰው ፈሪ አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም (በኢትዮጵያ) ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ያንን ሌሊት ያዩ ሰዎች ዛሬም አብረውን አሉ። ከባድ መከራ ያለፈበት ሰው ሰውነቱ ለትንሽ ድምፅ እንኳ ከሌላው ይበልጥ እንደሚበረግግ በሕክምና የታወቀ ነው። ዝናብ ሲያጓራ የሚባንን ጎረቤት፣ በር ሲንኳኳ የምትዘል እናት ካለች አንሳቅባቸው። ልጆቻችንንም ወንድ ልጅ አይደነግጥም እያልን አናሸማቅቃቸው። መስታወቱ እንደማይሰበር እያወቀ የዘለለውን ሰውዬ እናስታውስ። ከአቅማቸው በላይ ከሆነም ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እናግዛቸው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዋ ቅጽበት የሁላችን ናት። ከዚያ በኋላ እጃችን የሚሄድበት ቦታ፣ የምንጠራው ስም፣ የምናወጣው ድምፅ ቤታችን፣ እምነታችንና ሰፈራችን የሰጡን ናቸው። ደግሞም ደስ የሚሉ ስጦታዎች ናቸው። ሆኖም እነሱ የሚለዩን ዓይናችን አብሮ ከፈጠጠ በኋላ ነው። ሰፈርን ከሰፈር የሚያጋጭ ወሬ በሚነዛበት ጊዜ ይህችን ማስታወስ አይከፋም፤ ከወንዙ ወዲያ ያለውም ሲፈራ የሚያደርገው እኛ የምናደርገውን ነው።

እስቲ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። አያቶቻችሁንና በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁልን። ሲገረሙ ቀኝ እጅን፣ መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ግንባር ላይ ማድረግን ያውቁታል? በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሕዝብ ዘንድ? ያያችሁትን ጻፉልን። እንደ ዳርዊን አደራ ግን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ!

ከክፉ ድንጋጤ ይሰውረን። ቸር እንሰንብት።